እግር የት ይቁም? ሚዛኑን በራሱ በሚጠብቅ ስኩተር ላይ ሳይደነዝዙ ለመንዳት

ኮዬ ፈጬ ብዙ የሚያስኬድ ሰፈር ነው። ከመሀል አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጎን የተንጣለለ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። ከውስጠኛው ብሎክ ተነስቶ ታክሲ መያዣው ጋ እስኪደርስ ሰው ላብ ያጠምቀዋል። እንዲህ ባለ ሰፈር ትንሽ የኤሌክትሪክ መጓጓዣ ትልቁንም ትንሹንም ያጓጓል። ከእነዚህ መጓጓዣዎች አንዱ ሚዛኑን በራሱ የሚጠብቀው ስኩተር ነው፤ ነዳጅ መስጫውም ፍሬኑም የነጂው እግርና ሰውነት ናቸው።

ብዙ ጀማሪዎች ግን ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውስጥ እግራቸው ይቃጠላል፣ ጣታቸው ይደነዝዛል፣ ባታቸው ይወጠራል። “ገና አልለመድኩትም” ብለው ችለውት ያልፋሉ። ልምምድ በእርግጥ ይረዳል። ነገር ግን ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ምክንያቶች አሉት። አንደኛው፣ እግር መቆም ካለበት ቦታ አንድ ወይም ሁለት ሳንቲ ሜትር መዛነፉ ነው። ሁለተኛው፣ ነጂው ከፍርሃት የተነሳ ሰውነቱን ድርቅ አድርጎ መቆሙ ነው። ሁለቱም ይስተካከላሉ፤ ሲስተካከሉም ከምቾት ባሻገር መውደቅን ይቀንሳሉ።

የትኛው ማሽን ነው?

በከተማችን “ስኩተር” የሚለው ስም ለብዙ ዓይነት መጓጓዣ ይሰጣል። ሁለት ጎማው ፊትና ኋላ የሆነው፣ እጀታው ላይ ፍሬን ያለው የኤሌክትሪክ ስኩተር እዚህ ውስጥ አይገባም፤ እሱን የሚያቆመው የነጂው ሚዛን ነው። የምንነጋገርበት ማሽን ሁለት ጎማው ግራና ቀኝ ጎን ለጎን ሆኖ፣ ነጂው በመካከላቸው የሚቆምበት ነው።

የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ሴግዌይ ነው። አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን በኅዳር 1994 ዓ.ም. ለሕዝብ አሳየው። ከዚያ በፊት ኬመን ሚዛኑን የሚጠብቅና ደረጃ የሚወጣ ተሽከርካሪ ወንበር ሠርቶ ነበር፤ የሴግዌይ መነሻም ያ ወንበር ነው። ሴግዌይ ረጅም እጀታ አለው፤ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በኋላ የወጣው አይ 2 የተባለው ሞዴል 47 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ኩባንያውን በ2007 ዓ.ም. ናይንቦት የተባለ የቻይና ድርጅት ገዛው፤ የቀድሞው ትልቅ ሴግዌይ ምርትም በሐምሌ 2012 ዓ.ም. ቆመ።

ታናናሾቹ ግን በዝተዋል። እጀታውን አስቀርቶ በጉልበት መካከል በሚገባ አጭር ዘንግ የሚመራው ናይንቦት ሚኒ አለ፤ ክብደቱ 13 ኪሎ ገደማ ነው። ምንም መያዣ የሌለው፣ ሁለት የእግር መርገጫዎቹ ለየብቻ የሚዘነብሉት ሆቨርቦርድ አለ።  በ20/80 የቤት ፕሮግራም የተሠራው አብዛኛው ሕንፃ ሊፍት ስለሌለው 47 ኪሎ ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ሰው አይገኝም፤ ስለዚህ ለኮንዶሚኒየም ኑሮ የሚቀርቡት እነዚሁ ትንንሾቹ ናቸው። በየግቢው ልጆች የሚነዱትም በአብዛኛው ሆቨርቦርድ ነው።

ሚዛኑ እንዴት ይጠበቃል?

የመጥረጊያ እንጨት በመዳፍዎ ላይ አቁመው ላለመጣል ሞክረው ከሆነ የማሽኑን ሥራ ያውቁታል። እንጨቱ ወደ ፊት ሲዘነብል መዳፍዎን ወደ ፊት ያስኬዳሉ፤ ወደ ኋላ ሲዘነብል ወደ ኋላ። መዳፉ ሁልጊዜ ከእንጨቱ ክብደት ሥር ለመገኘት ይሯሯጣል። በስኩተሩ ላይ እንጨቱ እርስዎ ነዎት፤ መዳፉ ጎማው ነው።

በማሽኑ ውስጥ ያሉ ጋይሮስኮፖችና ዘንበል ማለትን የሚለኩ ሴንሰሮች መቆሚያው ወዴት እንዳጋደለ በየቅጽበቱ ያነባሉ። የመጀመሪያው ሴግዌይ አምስት ጋይሮስኮፖች ነበሩት፤ ሁኔታውንም በሰከንድ 100 ጊዜ ያህል ይፈትሽ ነበር። ክብደትዎ ከጎማዎቹ ዘንግ ፊት ለፊት ሲያልፍ ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ያሽከረክራል፤ ወደ ኋላ ሲያልፍ ይቀንሳል ወይም ወደ ኋላ ይመልሳል። ዘንግ የምንለው ከግራ ጎማ መሀል እስከ ቀኝ ጎማ መሀል የሚዘረጋውን መስመር ነው። የዚህ ማብራሪያ ቁም ነገር በሙሉ ያረፈው በዚህ መስመር ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ወደ ፊት ማዘንበል የሚያስፈልገው ፍጥነት ለመጨመር ነው። ለጥ ባለ መንገድ ላይ ፍጥነቱ ከተረጋጋ በኋላ የሰውነት ክብደት ከዘንጉ በላይ ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ማረፍ ይችላል። መንገዱን ሁሉ በጣቱ ቆሞ የሚሄድ ሰው ማሽኑ ያልጠየቀውን ሥራ እየሠራ ነው።

ቆሞ መሄድ ለምን ያደክማል?

ሰው ሲቆም ዝም ብሎ አይቆምም። ቅዳሴ ሲያስቀድስ ሰዓታት የሚቆም ምእመን ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራል፣ በመቋሚያው ይደገፋል፣ ጉልበቱን ያላላል። ይህን የሚያደርገው ሳያስብ ነው፤ ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው። ወደ እግር የወረደው ደም ወደ ልብ የሚመለሰው በአብዛኛው የባት ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ ደም ስሮቹን እየጨመቀ ወደ ላይ ስለሚገፋው ነው። ባት ካልተንቀሳቀሰ ደም እታች ይጠራቀማል፤ እግር ያብጣል፣ ጫማ ይጠብባል። ለሰልፍ ደርቀው የቆሙ ወታደሮች አንዳንዴ ራሳቸውን ስተው የሚወድቁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሚዛኑን በሚጠብቅ ስኩተር ላይ ይህ ተፈጥሯዊ መወዛወዝ ችግር ይገጥመዋል። ክብደትን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማንቀሳቀስ ለማሽኑ ትእዛዝ ነው። ጀማሪው ይህን ሲረዳ ይፈራል፤ ሳያስበው ትእዛዝ እንዳይሰጥ ሰውነቱን ያደርቃል። ጣቶቹ ጫማው ውስጥ ተጨብጠው መሬት ለመያዝ ይሞክራሉ፤ ጉልበቱ ይቆለፋል፤ ትከሻው ይነሳል። ጣት ሲጨበጥ ክብደቱ ከጣቶች ሥር ባለው የእግር ፊት ላይ ይከማቻል፤ በአጥንቶቹ መካከል የሚያልፉት ነርቮች ይጨመቃሉ፤ መደንዘዝ ይጀምራል። በጣት የተጨበጠ መርገጫ ደግሞ ወደ ፊት ስለሚጫን ማሽኑ ያላሰቡትን ፍጥነት ይሰጣል። ጀማሪው ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ የበለጠ ይጨብጣል።

ትክክለኛውን ቦታ መፈለግ

ተረጋግቶ የቆመ ሰው ክብደቱ መሬት የሚደርሰው ከቁርጭምጭሚቱ በቀጥታ ሥር አይደለም። ከቁርጭምጭሚት አራት ወይም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ቀድሞ፣ በእግር ጎድጓዳው አካባቢ ያርፋል። እግሩ 26 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ጎልማሳ ከተረከዙ ጫፍ ሲለካ 11 ወይም 12 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ማለትም ከእግሩ እኩሌታ ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ነው። ይህ ነጥብ ከማሽኑ ዘንግ በላይ እንዲውል ማድረግ ነው ሥራው ሁሉ።

እንዲህ ያድርጉ፦

1. ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የሁለቱን ጎማዎች መሀል የሚያገናኘውን መስመር ይፈልጉና በመቆሚያው ጠርዝ ላይ በጠመኔ ወይም በፕላስተር ምልክት ያድርጉ።

2. በጫማዎ ጎን ላይ ከላይ የተባለውን የክብደት ነጥብ እንዲሁ ምልክት ያድርጉበት። የሚነዱበትን ጫማ መጠቀምዎን አይርሱ።

3. ግድግዳ አጠገብ ወይም አንድ ሰው ትከሻውን ሰጥቶዎት፣ ማሽኑን አብርተው ይውጡ። መጀመሪያ አንዱን እግር ያስገቡ፤ ማሽኑ ሲረጋጋ ሳይዘገዩ ሌላውን። ሁለቱን ምልክቶች ያገጣጥሙ።

4. ጉልበትዎን ላላ ያድርጉ፤ ጣቶችዎን ይዘርጉ፤ ፊት ለፊት ራቅ አድርገው ይመልከቱ። አሁን ምንም ሳያደርጉ ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ያስተውሉ።

5. ቀስ እያለ ወደ ፊት የሚሄድ ከሆነ ክብደትዎ ከዘንጉ ቀድሟል፤ ወርደው እግርዎን ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ያድርጉ። ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ከሆነ እግርዎን ወደ ፊት ያስጠጉ። ጡንቻዎ ሳይታገል ማሽኑ ባለበት ሲቆም ቦታዎን አግኝተዋል።

የእግሮች ርቀት ከዳሌ ስፋት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ሰፋ ያለ ቢሆን ይመረጣል። ትንንሾቹ ማሽኖች ላይ ይህ ማለት እግርን ወደ ጎማዎቹ ማስጠጋት ነው፤ ጫማው ግን ጎማውን ወይም የጎማውን መከለያ መንካት የለበትም። የእግር ጫፎች ወደ ፊት ያመልክቱ፤ በተፈጥሮ ትንሽ ወደ ውጭ የሚያዩ ከሆነ በግድ አያጣምሙ፤ ቅጣቱ ጉልበት ላይ ይወርዳል።

እጀታ ያለው ማሽን ላይ እጀታው ወገብ አካባቢ እንዲደርስ ይስተካከላል። ሲረዝም ነጂው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ሲያጥር ይጎብጣል፤ በሁለቱም እግር ላይ ያለው ክብደት ይዛባል። እጀታው የሚያዝ እንጂ የሚደገፉበት አይደለም። በጉልበት የሚመራው ዓይነት ላይ ደግሞ የጉልበት መያዣው ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የውስጥ ጎኑን በስሱ እንዲነካ ይደረጋል።

ያመመዎት የቱ ላይ ነው?

ሕመም ለዚህ ማሽን ጥሩ መለኪያ ነው፤ የሚሰማበት ቦታ እግር ወዴት እንደተዛነፈ ይናገራል።

ባትዎ ከተወጠረና ጣቶችዎ ከደነዘዙ እግርዎ ወደ ኋላ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ክብደትዎ በተፈጥሮ ከዘንጉ ኋላ ስለሚውል ወደ ፊት ለማምጣት በእግርዎ ፊት እየቆሙ ነው። እግርዎን ወደ ፊት ያስጠጉ።

የቅልጥምዎ ፊት ለፊት፣ ከጉልበት በታች ያለው ጡንቻ ካቃጠለዎትና ተረከዝዎ ከታመመ ነገሩ ተቃራኒ ነው። እግርዎ ወደ ፊት በዝቷል፤ ማሽኑ እንዳይሸሽ ጣቶችዎን ወደ ላይ እየሳቡ በተረከዝ እየቆሙ ነው። እግርዎን ወደ ኋላ ይመልሱ።

የእግር ጎድጓዳው ከተቃጠለ በአብዛኛው ጣት የመጨበጥ ወይም ድጋፍ የሌለው ጫማ የማድረግ ውጤት ነው። ጉልበት ከታመመ የተቆለፈ ጉልበት ወይም የተጣመመ የእግር ጫፍ ይጠረጠራል። አንዱ ዳሌ ብቻ ከታመመ ሁለቱ እግሮች እኩል መስመር ላይ መቆማቸውን ይመልከቱ።

ማስተካከያው ሁልጊዜ በግማሽ ሳንቲ ሜትር ይሁን። በአንድ ጊዜ ብዙ መቀየር አዲስ ሕመም ያመጣል፤ የትኛው እንደረዳም አይታወቅም።

የሆቨርቦርድ ጉዳይ

ሆቨርቦርድ ላይ እያንዳንዱ እግር የራሱን ጎማ ብቻ ያዛል። ግራ መርገጫ ወደ ፊት ሲጫን ግራ ጎማ ይፈጥናል፤ ማሽኑም ወደ ቀኝ ይዞራል። ስለዚህ አንዱ እግር ከሌላው አንድ ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ከቆመ ማሽኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል። ነጂው ይህን ለማቃናት ሌላውን ቁርጭምጭሚት አጣሞ ይይዛል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያመዋል። “ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ወደ ጎን ይስባል” ከማለት በፊት የሁለቱን እግሮች መስመር መፈተሽ ይቅደም።

ሌላው ትልቅ ጉዳይ ከመርገጫው ላስቲክ ሥር ያሉት ሴንሰሮች ናቸው። ሰው መቆሙን ለማሽኑ የሚነግሩት እነሱ ናቸው። ነጂው እየሄደ ሳለ እግሩን ለማሳረፍ ተረከዙን ወይም የእግሩን ፊት ቢያነሳ ማሽኑ ሰው ወርዷል ብሎ የዚያን ወገን ሞተር ሊያቆም ይችላል። መውደቁ ከዚያ ይመጣል። እግር ሲደክም አይነሳም፤ ይቆማል፣ ይወረዳል። ሲወርዱም ወደ ኋላ ነው፤ አንዱን እግር ወደ ኋላ ማውረድ፣ ከዚያ ሌላውን። ወደ ፊት መዝለል ማሽኑን ወደ ኋላ አስፈንጥሮ ሰውን በፊቱ ይደፋዋል።

በዚሁ ምክንያት መርገጫው ላይ እስፖንጅ ወይም ተጨማሪ ምንጣፍ መለጠፍ አደገኛ ነው። እግርን ያለሰልሳል ተብሎ የሚደረገው ነገር ሴንሰሩን ተጭኖ ሊይዘው ይችላል፤ ያኔ ሰው ከወረደ በኋላም ማሽኑ ነጂ እንዳለው ቆጥሮ ይሮጣል። እጀታ ላለው ትልቅ ሴግዌይ ግን ለረጅም ጊዜ ለሚቆሙ ሰዎች ተብሎ የተሠራ ወፍራም ምንጣፍ አለ፤ ለዚያው ማሽን የተሠራ ከሆነ ይረዳል።

ሳያዝዙ መንቀሳቀስ

ሰውነትን አድርቆ መቆም የግድ አይደለም። ማሽኑ የማይሰማቸው፣ እግርን ግን የሚያሳርፉ ሦስት እንቅስቃሴዎች አሉ።

የመጀመሪያው ጉልበትን በዝግታ ማጠፍና መዘርጋት ነው። ጉልበት ወደ ፊት ሲወጣ መቀመጫ ትንሽ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ሁለቱ ስለሚካካሱ ክብደቱ ከዘንጉ በላይ እንደሆነ ይቆያል። ባትና ጭን ግን ይሠራሉ፤ ደም ይንቀሳቀሳል።

ሁለተኛው ክብደትን ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር ነው። እጀታ ያለው ማሽን የሚዞረው በእጀታው ስለሆነ እጀታውን ቀጥ አድርገው እስከያዙ ድረስ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማረፍ ይችላሉ። ሆቨርቦርድም የሚያነበው የመርገጫውን መዘንበል ነው፤ ቁርጭምጭሚት እስካልተጣመመ ድረስ አይዞርም። በጉልበት በሚመራው ዓይነት ላይ ግን ይህን አያድርጉ፤ ጉልበት መሪውን ይገፋል።

ሦስተኛው በጫማ ውስጥ ጣቶችን መዘርጋት ነው። በየጊዜው “ጣቴ ተጨብጧል ወይ?” ብሎ ራስን መጠየቅ ብቻውን ብዙ ሕመም ያስቀራል።

መንገዱም የራሱ ድርሻ አለው

ዳገት ላይ ሞተሩ ጎማውን ወደ ፊት ሲገፋ መቆሚያውን ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ያንን ለመቋቋም ክብደትዎ ከዘንጉ ትንሽ መቅደም አለበት። ምን ያህል? በ100 ሜትር 5 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ 48 ሳንቲ ሜትር ጎማ ላለው ሴግዌይ 1.2 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጎማው 16.5 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሆቨርቦርድ ደግሞ ግማሽ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትንሽ ይመስላል፤ ለደቂቃዎች ሲቀጥል ግን ባት ይሰማዋል። ዳገቱ ረጅም ከሆነ ቆም ብሎ ወርዶ እግርን በዚሁ መጠን ወደ ፊት ማድረግ፣ አናት ላይ ሲደርሱ ወደ ቦታው መመለስ ነው። ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ ተረከዝ ይዞራል፤ በቀስታ መውረድ ይገባል።

ወደ ጎን ያዘነበለ መንገድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያሳምማል። አስፋልት ዝናቡ እንዲወርድ ወደ ፍሳሽ ቦዩ ዘንበል ተደርጎ ይሠራል። በዳሩ ሲሄዱ የታችኛው እግር አብዛኛውን ክብደት ይሸከማል። የላይኛውን ጉልበት ትንሽ አጠፍ ማድረግ ሰውነትን ያቃናል። አንድ እግር ብቻ የሚያምዎት ከሆነ ጥፋቱ የእግርዎ ሳይሆን የመንገዱ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ዳር ሲመለሱ ሕመሙ ወደ ሌላው እግር ከዞረ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው።

ኮብልስቶን ለዚህ ማሽን ከባድ ነው። አየር የሚሞላው የሴግዌይ ጎማ ንዝረቱን ያለዝባል፤ የብዙ ሆቨርቦርዶች ጠጣር ጎማ ግን እያንዳንዱን ድንጋይ በቀጥታ ወደ ውስጥ እግር ያደርሳል። ጎማው ትንሽ ስለሆነም በድንጋዮቹ መካከል ያለ ክፍተት ወይም የቦይ ክዳን ጠርዝ ድንገት ሊያቆመው ይችላል፤ ማሽኑ ሲቆም ሰው አይቆምም። ኮብልስቶኑን ወርደው ማሽኑን በእጅ ይዘው ቢያልፉት ይሻላል። ክረምት ላይ የአቃቂ ጥቁር ዋልካ ጭቃ ከጫማ ሥር ተለጥፎ መርገጫውን ያንሸራትታል፤ ሳይጠርጉ አይውጡ።

ለመለማመድ ለጥ ያለ፣ መኪና የማይበዛበት የመኪና ማቆሚያ ወይም የግቢ አስፋልት ይበቃል። የአዲስ–አዳማ የፍጥነት መንገድ መነሻ ከዚሁ ከቱሉ ዲምቱ ስለሆነ በአካባቢው ከባድ መኪና ይበዛል፤ ወደ ዋናው መንገድ በዚህ ማሽን መውጣት የሚታሰብ አይደለም።

ጫማ

ከሁሉ የሚሻለው ሶሉ ጠፍጣፋ፣ ጠንከር ያለና የማያንሸራትት ጫማ ነው። ተራው ሸራ ጫማ ለዚህ ጥሩ ነው፤ እግር መርገጫውን በደንብ እንዲሰማው ያደርጋል። ወፍራም ለስላሳ ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ምቹ ይመስላል፤ ነገር ግን እግር ውስጡ እየዋለለ ሚዛን ለመጠበቅ ተጨማሪ ትግል ያስከትላል። ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ክብደትን ወደ ፊት ስለሚያንሸራትት የለኩትን ቦታ ሁሉ ያበላሻል። ነጠላ ጫማ ከእግር ላይ እንዳይወልቅ ጣት መጨበጥ የግድ ይሆናል፤ ሰንደልና ኮንጎም ጣትን ከድንጋይ አያድኑም።

ክሩን ከእግር ፊት አካባቢ ላላ፣ ከቁርጭምጭሚት አካባቢ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ጣቶች ለመዘርጋት ቦታ ያገኛሉ፤ ተረከዝም አይነሳም። የክሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ወደ ውስጥ ይወተፍ።

እረፍት፣ ልጆችና ጥንቃቄ የሚያሻቸው ሰዎች

እግር የቱንም ያህል በትክክል ቢቆም መውረድን የሚተካ ነገር የለም። ለጀማሪ በየ10 ወይም 15 ደቂቃው መውረድ ጥሩ ልማድ ነው። ወርደው ጥቂት ይራመዱ፤ በጣቶችዎ ከፍ ብለው በቀስታ እየወረዱ 15 ጊዜ ያህል ተረከዝዎን ያንሱ። ባት ደሙን ወደ ላይ ሲገፋ እግር ቶሎ ይቀለዋል።

ለልጆች የክብደት ጉዳይ አለ። ትልቁ ሴግዌይ ከ45 ኪሎ በታች ላለ ሰው አልተሠራም። ቀላል ሰው ማሽኑን ለማዘዝ ብዙ መዘንበል ስላለበት በጣቱ ይቆማል፤ በቁልቁለት ላይ ለማቆምም ክብደቱ አይበቃም። ትንንሾቹም እያንዳንዳቸው ዝቅተኛና ከፍተኛ የክብደት ወሰን አላቸው፤ ከመግዛት በፊት መመሪያው ላይ ይታይ። ሁለት ልጆች በአንድ ማሽን መቆም ፈጽሞ አይገባም፤ ማሽኑ የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ አያውቅም። የራስ ቆብ፣ የእጅ አንጓና የጉልበት መከላከያ ለልጅም ለአዋቂም ያስፈልጋል።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ሰዎች በተለይ ይጠንቀቁ። ሕመሙ የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ውስጥ እግር መርገጫውን በትክክል አይሰማውም፤ ጫማ ሲልጠውም አይታወቅም። የእግር ደም ስር ያበጠባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና ሚዛን የሚያስት ሕመም ያለባቸውም ይህ መጓጓዣ አይመከርላቸውም። ልሙጥ እግር ያላቸው በጫማቸው ውስጥ የጎድጓዳ ድጋፍ ቢጨምሩ ይረዳቸዋል። ከወረዱ በኋላ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የማይለቅ መደንዘዝ፣ ወይም በቀናት እረፍት የማይሻል ሕመም ካለ ጤና ጣቢያ መታየት ይገባል፤ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም አለ።

አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። በዚህ ማሽን ላይ እግር ፍሬን ነው። የደነዘዘ እግር ምን ያህል እንደተጫነ አያውቅም፤ ስለዚህ በጊዜ አያቆምም። መደንዘዝ ሲጀምር ትንሽ ልታገሠው ማለት ፍሬኑ በላላ መኪና መንገድ ልጨርስ ማለት ነው። ልጅዎ “እግሬን” ሲል “ትለምደዋለህ” አይበሉት። ያውርዱት፤ ጫማውን ፈተው ጣቶቹን ይዩ፤ ከዚያ ጠመኔ ይዛችሁ ዘንጉን፣ የእግሩን ነጥብና የሁለቱን እግሮቹን መስመር አብራችሁ ፈልጉ። ቦታውን በራሱ ማግኘት የተማረ ልጅ ሌላ ማሽን ላይ ሲወጣም ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እግሩ የቆመበትን ይሆናል።